የሰባ ሰባት አደራ

«እነዚህ ሰዎች ለጎረቤት ቀርቶ ለእናታቸው ልጅ እፍኝ እህል አይሰጡም» አለ ዶክተር ፀጋዬ በእንግሊዝኛ፣ የእንቁላል ፍርፍሩን በዳቦ እየጠቀለለ።

ይህን ያለው በሸዋ ሮቢት፣ ከዋናው አስፋልት ዳር ባለች ሆቴል ግቢ፣ ከፓፓያ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። ያለውም ለዶክተር ሻንታ ነው፤ ከሕንድ አገር ለመጣችው፣ ጠይም፣ ቁመቷ አጠር ያለ፣ ሻይዋን ያለ ስኳር ለምትጠጣው የጥናት ባልደረባው። መምህርት ንግሥት ወረቀት ለመቀበል መጥታ ከኋላው ቆማ ሰማችው። እንግሊዝኛ እንደምታውቅ ዶክተሩ አሳምሮ ያውቃል፤ የቀጠራትም ለዚሁ ነው። ቢያያትም ግን ድምፁን አይቀንስም ነበር፤ ክፋት ኖሮት አይደለም የተናገረው። «ዛሬ ይሞቃል» እንደሚል ሰው ነው የተናገረው። ንግሥትን ያንገበገባትም ይኸው ነው። ተናዶ የሚሰድብ ሰው ሲበርድለት ይጸጸታል። ቁርሱን እየበላ፣ በጥናት አረጋግጫለሁ ብሎ አንድ አገር ሕዝብ የሚሰድብ ግን መቼ ይበርድለታል? መጀመሪያውኑ አልሞቀውም።

የጥናቱ ስም ረጅም ነበር። ባሕር ማዶ ያለ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ከአንድ የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ጋር ተዋውሎ፣ የይፋት ቆላ ገበሬ የሰባ ሰባቱን ድርቅ በምን ዘዴ እንዳለፈው ያጠናል። ዘንድሮ፣ በሰማንያ ዓመተ ምሕረት፣ ትምህርት ቤት ለክረምት ሲዘጋ ንግሥት ጠያቂም አስተርጓሚም ሆና ተቀጠረች፤ እናቷ በተወለደችበት፣ እሷም ባደገችበት በዋርካ ሜዳ መንደር ከቤት ቤት እየዞረች ጠየቀች። እንግዶቹ በሆቴሉ በአዳር አራት አራት ብር እየከፈሉ ሰነበቱ። ሌሊት በቢንቢ፣ ቀን በወበቅ፣ ወደ አሰብ በሚወርዱ የጭነት መኪኖች ጥሩምባ ተሰቃዩ። ዛሬ መጨረሻቸው ነው። ከሰዓት በኋላ የመንደሩ ሰው በቀበሌው አዳራሽ ይሰበሰብና ጥናቱ ይነበብለታል። ሕዝቡ ስለ ራሱ የተጻፈውን ይስማ ያለችው ሻንታ ነች፤ ፀጋዬ በበኩሉ ጊዜ ማባከን ነው ብሎ ነበር፤ ነገር ግን ለእንግዳ እሺ ማለት ደንብ ነው።

ዶክተሩ እጁን ጠርጎ ወረቀቱን ሰጣት። ለስብሰባው ወደ አማርኛ መልሳ ልታነበው ነው። መቀመጫ ስቦላት ሻይ አዘዘላት። ሥራዋ እንዳስደሰተው፣ ከመስከረም ጀምሮ ለሁለተኛው ዙር ጥናት አዲስ አበባ ሊያዛውራት እንዳሰበ፣ ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነና መስኮቱ ንፋስ እንደሚያስገባ ሳይቀር ነገራት። ንግሥት አመስግና እያነበበች ነበር። ወረቀቱ በጎ ነገር አላጣም፤ ስለ ማሽላው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ እርዳታ ስንዴው መዘግየት በቀና የተጻፈ ነው። ወደ መጨረሻው ግን «ከጎረቤት ወይም ከዘመድ የተገኘ እርዳታ» የሚል አርእስት አለ። ከሥሩ፣ ከተጠየቁት ቤቶች አንድም እንኳ ተቀብያለሁ ወይም ሰጥቻለሁ ያለ እንደሌለ ተጽፏል። ቀጥሎም፣ «መንደሩ የመደጋገፍ ልማድ የለውም፤ ስለዚህ ነዋሪው ወደ ሌላ አካባቢ ቢዛወር የሚበጠስ ትስስር አይኖርም» ይላል።

ሰፈራ በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደሆነ ለሮቢት ሰው አይነገረውም። መኪና ሙሉ ሰው፣ ከነልጁ፣ ከነምጣዱ፣ በዋናው መንገድ ሲያልፍ ዓይቷል። ጀውሃ ላይ መኪናው ለነዳጅ ሲቆም ከላይ ሆነው የአገራቸውን ተራራ የሚያዩትን ሽማግሌዎች ዓይቷል። ፓርቲው ወደ አውራጃው የመደበው ጓድ ለማ ደግሞ ከበጋው በፊት የሚያዛውረው መንደር እያፈላለገ እንደሆነ ገበያው ሁሉ ያወራል። ይህቺ ዓረፍተ ነገር እጁ ከገባች ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። ሳይንስ ተናገረለት ማለት ነው።

ንግሥት ጣቷን በዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ አድርጋ፣ ይህቺም ትነበብ እንደሆነ ጠየቀችው።

«ምን ችግር አለው? የራሳቸው መልስ ነው» አላት ፀጋዬ። «የጠየቅሻቸውም አንቺ፣ የለም ብለሽ የጻፍሽውም አንቺ።»

እውነት ነው። አክስቷን እትዬ በላይነሽን ሳይቀር በገዛ አፏ ጠይቃለች። በሰባ ሰባት ለሰው የሰጡት እህል አለ ወይ ስትላቸው፣ በላይነሽ ከዘነዘናቸው ቀና ብለው፣ «እኔ? ምን ኖሮኝ?» አሏት። ከሰውስ የተቀበሉት? «ሞቼ ነው የምቀበል?» ንግሥትም ሁለቱንም ቦታ የለም ብላ ሞላች። በቤትዎ እህል ነበር ወይ ስትል፣ አዎ፣ የሰው አደራ ነበር አሏት። መመሪያው የራስን እህል ብቻ ቁጠሩ ስለሚል ያንንም ዘለለችው። በመንደሩ ቤት ሁሉ እንዲሁ ሆነ፤ የሰው አደራ፣ የሰው አደራ። ከአዲስ አበባ የመጣ ጠያቂ ቢሆን «ይህ ሁሉ አደራ ከየት መጣ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። የመንደሩ ልጅ ግን እንዲህ ያለውን አትጠይቅም። አደራ ስትሰማ ያደገች፣ አደራ ካለበት ቤት ስትበላ ያደገች ልጅ፣ በምን ልትደነቅ?

ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሥታ ወደ ቤቷ ሄደች። ፀሐይዋ አስፋልቱን ማቅለጥ ጀምራለች። ሴቶቹ ከመንገዱ ዳር ቲማቲም ከምረው አላፊውን መኪና ይጣራሉ፤ አንዷ በሃያ አምስት ሳንቲም፣ ሌላዋ በሃያ፣ ሦስተኛዋ ለሾፌር ምርቃት እየጨመረች። ንግሥት ከእናቷ ከአስካለ ጋር የምትኖረው ከገበያው ጀርባ፣ በወር ሦስት ብር በሚከፈልባት የቀበሌ ቤት ነው፤ አንድ ክፍል፣ መሐሉ በመጋረጃ የተከፈለ፣ ግድግዳው በጋዜጣ የተለጠፈ፣ ቆርቆሮው ከረፋዱ ጀምሮ እንደ ምድጃ የሚግል። በመጋረጃው በአንድ ወገን የንግሥት አልጋና መጻሕፍት፣ በሌላው የአስካለ መደብና የሽንኩርት ጆንያዎች። አስካለ ሽንኩርት ነጋዴ ነች። ድርቁ ባለፈ በዓመቱ መንደሩን ለቃ ወደ ከተማ ወረደች፤ ለምን እንደሆነ ለልጇ አልነገረቻትም። ከታላቅ እህቷ ከበላይነሽ ጋር ሰላምታ ያቋረጡትም ያኔ ነው። በላይነሽ በገበያ ቀን ሲመጡ በሽንኩርት ተራ በኩል አያልፉም፤ አስካለም የእህቷን ነጠላ ከሩቅ ስታይ ጎንበስ ብላ ሽንኩርቷን ትለቅማለች። ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ዝም አለ። ንግሥት በዚያ ክፉ ዓመት ደብረ ብርሃን በመምህራን ማሠልጠኛ የመንግሥት ዳቦ ትበላ ስለነበር የምታውቀው የለም።

አስካለ የበሰበሰውን ሽንኩርት ከጤነኛው እየለየች ነበር። ንግሥት ወረቀቱን አልጋው ላይ ወርውራ፣ ቆማ፣ እንደ ጠያቂ ሳይሆን እንደ ልጅ ጠየቀቻት።

«እማዬ፣ በሰባ ሰባት ምን በላሽ?»

«ያገኘሁትን።»

«ከማን ያገኘሽውን?»

አስካለ ሽንኩርት መለየቷን ቀጠለች። ውጭ አንድ ተሳቢ መኪና አልፎ ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠ። ከዚያ ንግሥት ወረቀቱን አንሥታ የመጨረሻውን ክፍል በአማርኛ አነበበችላት። መደጋገፍ የለም የሚለው ጋ ስትደርስ የእናቷ እጅ ቆመ። የሚበጠስ ትስስር የለም የሚለው ጋ ስትደርስ አስካለ ተነሥታ በሩን ዘጋች፤ ሙቀቱ እያለ ዘጋችው፤ ተመልሳም ጆንያ ላይ ተቀመጠችና ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ የያዘችውን ነገር ተናገረች።

በዋርካ ሜዳ ለተራበ ሰው እህል አይሰጡትም። ከሰጡት አንገቱን ያስደፉታል፤ አንገቱን የደፋ ሰው ደግሞ ሆዱ ቢሞላም አይድንም። ስለዚህ ያለው ሰው ማሽላውን በእንቅብ ይዞ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ወደሌለው ቤት ይሄዳል። «ቤቴን ነቀዝ ፈጀው፤ ይህቺን አደራ አስቀምጪልኝ» ይላል። የተቀባይዋ ድርሻ ማጉረምረም ነው፤ ቦታ ይጠብበኛል፣ አይጥ አለብኝ ትላለች። አመስግና አትቀበልም፤ ውለታ ተቀባይ ሳትሆን ውለታ ሠሪ እንድትመስል። ከዚያ ትበላዋለች። ባለቤቱ ተመልሶ አይጠይቅም። የሰጠ መጠኑን አይናገርም፣ የተቀበለ አይለካም። የመንግሥት የእህል ኮታ ሰብሳቢዎች መጥተው ይህ የማን እህል ነው ሲሉም ሁሉም ቤት ሳይዋሽ የሰው ነው ይላል። ኋላ እግዜር ሲያሟላ አደራው ለሰጪው አይመለስም፤ ነቀዝ የገባበት መስሎ ወደ ሌላ ሰው ቤት ይሄዳል እንጂ። በላይነሽ ለአስካለ አመጡላት፤ ብዙ ጊዜ አመጡላት። አስካለም ተረፈች።

«ታዲያ ምን አጣላችሁ?» አለች ንግሥት።

አስካለ ከተማ ወርዳ ሦስት ወር ከነገደች በኋላ የከተማን ሕግ ተማረች። እዚህ የወሰደ ይመልሳል፤ የማይመልስ ሌባ ነው። ዕዳ ያለባት መሰላት፤ ኮራች። ከገበያ ምርጥ ማሽላ ገዝታ፣ በቁና አስለክታ፣ በአህያ ጭና፣ የማርያም ማኅበርተኞች በላይነሽ ቤት በተሰበሰቡበት ቀን በሁሉም ፊት ከደጃፍ አራገፈች። «አደራሽን መለስኩ» አለች። በላይነሽ ፊታቸው ጠቆረ። «እኔ ያስቀመጥኩት የለም፤ ቤት ተሳስተሻል» ብለው አህያዋን በገዛ እጃቸው መልሰው ጫኗት። በዚያ ደጃፍ ለተቀመጡት ሴቶች ሁሉ በክፉው ዓመት የማን ቤት እህል እንደነበረው፣ የማን እንዳልነበረው በአንድ ጊዜ ታወቀ። ሁለቱም ተዋረዱ። ማሽላውን የሚበላው ጠፍቶ ለቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ንግሥት አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። የተናደደችው በማን እንደሆነ አሁን አላወቀችም። ለምሳ የቀረበውን ሳትነካ፣ ከሰዓት አዳራሹ መጥታ ይህን እንድትናገርላት እናቷን ለመነቻት። አስካለ የበሰበሰውን ሽንኩርት ጠርጋ እየሰበሰበች፣ አንዴ በአደባባይ መስክራ ያተረፈችውን እንዳየችው፣ ሁለተኛ በሰው ፊት ስለ እህል አፏን እንደማትከፍት ነገረቻት። ደግሞ ለማ ባለበት ስለተደበቀ እህል ማውራት ዘመድን ለገመድ መስጠት ነው አለች። ይህም እውነት ነበር። ንግሥት ወረቀቱን አጥፋ ወጣች። ብትናገር መንደሩን ለእስር፣ ዝም ብትል ለሰፈራ ልትሰጥ ነው። ለራሷስ? የሦስተኛ ፎቅ መስኮትና ንፋስ። ይህንን ስታስብ በራሷ አፈረች፤ ማፈሯም መልሶ አናደዳት።

አዳራሹ የጭቃ ቤት ሲሆን ከመድረኩ በላይ ጢማሞቹ ፈረንጆች ተሰቅለዋል። የዋርካ ሜዳ ሰው በአግዳሚው ላይ ተጠጋግቶ ተቀምጧል፤ ወንዱ በቀኝ፣ ሴቱ በግራ፣ ሐምሌ የአረም ጊዜ ስለሆነ አንዳንዱ ከነመኮትኮቻው። በላይነሽ ከሴቶቹ ፊት፣ ነጠላቸውን አፋቸው ድረስ አድርገው። ጓድ ለማ ከጠረጴዛው መሐል፣ ከግራና ከቀኙ ሁለቱ ዶክተሮች፤ ንግሥት ከሻንታ አጠገብ። ለማ ስብሰባውን ከፍቶ ስለ ሳይንስና ስለ አብዮታዊት እናት አገር ተናገረ፤ ከጓሮ አንድ ፍየል እስኪጮህ ድረስ ተናገረ። ከዚያ ንግሥት ተነሥታ ወረቀቱን አነበበች። አንድ ቃል አልቀነሰችም። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር በተለይ ዝግ ብላ፣ አንድ በአንድ አነበበቻት።

አንድም ሰው አልተቃወመም። ለመቃወም እኮ እኔ ሰጥቻለሁ ማለት ያስፈልጋል፤ ወይም እኔ ተርቤ ነበር ማለት። ወንዶቹ መሬት መሬት አዩ፤ በላይነሽ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡት። ፀጋዬ ዝምታውን ዓይቶ እንደ ስምምነት ቆጠረው። እዚህ አገር ገበሬ ዝም ሲል፣ የተማረውም ሆነ ሹሙ ዘወትር እንደ ስምምነት ይቆጥረዋል፤ ስንት አዋጅ በዚህ ዝምታ ላይ ተጻፈ! ለማ ወረቀቱን ለመቀበል እጁን ሲዘረጋ ንግሥት አልሰጠችውም።

«ዶክተር፣ ሳልጠይቃቸው የቀረሁት አንድ ጥያቄ አለ» አለች በእንግሊዝኛ፣ ወደ ሻንታ ዞራ። ፀጋዬ ግንባሩን ቋጠረ፤ ሻንታ ግን ራሷን ነቀነቀች። ንግሥት ወደ ሕዝቡ ተመለሰች።

«በሰባ ሰባት ክረምት በቤቱ የሌላ ሰው አደራ የነበረ፣ እጁን ያንሳ።»

በመጀመሪያ ማንም አላነሳም። ሴቶቹ ወደ በላይነሽ፣ በላይነሽ ወደ ንግሥት አዩ፤ የእህታቸውን ልጅ ገና አሁን ያወቋት ይመስል ትኩር ብለው አዩ። አደራ ነበረብኝ ማለት ነውር የለውም። ያንን ሲጠየቁ ሲመልሱት ኖረዋል። ዓይናቸው የደከመው ጋሽ ገብረሚካኤል ከወንዶቹ ረድፍ እጃቸውን አነሱ። ከአጠገባቸው ሌላው፤ ከሴቶቹ ሁለት፣ ከዚያ አራት። ጥቂት ቆይቶ ያልተነሳውን እጅ መፈለግ ከተነሳው ይከብድ ነበር። ሻንታ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ቆማ አየች። ፀጋዬ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

ለማም ተነሣ። ድምፁ እንደ መሐላ የከበደ ነበር፤ ይህ ሁሉ እህል የኮታ ጊዜ የት እንደነበር፣ ባለቤቶቹስ እነማን እንደሆኑ አሁኑኑ ይገለጽ አለ። የተነሡት እጆች መውረድ ጀመሩ። በላይነሽ ቀስ ብለው ተነሡ፤ ነጠላቸውን ከአፋቸው አወረዱ።

«ጓድ ልጄ» አሉ። «በዚያ ዓመት ዋርካ ሜዳን ኮታ አስሞልቻለሁ ብለህ ሬዲዮ የተሸለምከው አንተ አይደለህም እንዴ? ማታ ማታ ከደጅህ ስናልፍ እንሰማው የለ። ኮታው ሞልቶ ከነበረ የተደበቀ የለም። የተደበቀ አለ ካልክ ግን ሬዲዮውን መልስ።»

ሳቅ አልነበረም፤ ሳቁን ሁሉም አፉ ውስጥ ያዘው። ለማ ፀጋዬን አየ፣ ሕንዳዊቷን አየ፣ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካክሎ ተቀመጠ። የሐሰት ሪፖርት የጻፈ ሰው ሌላውን በሐሰት መክሰስ ይችላል፤ በእውነት ሲሆን ግን ይቸግረዋል።

ከዚህ በኋላ የከበደው ነገር መጣ፤ የመጣውም ከፀጋዬ ነው። ሰውዬው በጥናቱ የማይቀልድ ልባም ነው፤ የተነሡትን እጆች ካየ በኋላ ወረቀቱ እንደማይበቃ ገብቶታል። አሁን አማርኛው ለዝቦ ሕዝቡን አንቱ እያለ ተናገረ። አደራ ነበር ብዬ ብቻ ብጽፍ ባሕር ማዶ ያሉት ተረት ነው ይሉኛል፤ እዚህ ያሉት ደግሞ አያነቡትም፤ ማን ለማን ስንት ቁና እንዳስቀመጠ ካልተነገረኝ የጻፍኩትን ዓረፍተ ነገር መሰረዝ አልችልም አለ። ሻንታም በንግሥት አፍ ተናገረች። የእሷም እናት አገር ማሽላ በል ነው፤ ጎረቤት ጎረቤትን እንዴት እንደሚያተርፍ ታውቃለች። «እኔ አምኛችኋለሁ» አለች፤ «ቁጥር ካልያዝኩ ግን እኔን የሚያምነኝ የለም።»

ፀጋዬ እስክሪብቶውን ይዞ ጠበቀ። ጋሽ ገብረሚካኤል፣ የሰጠ አይናገርም፣ የተቀበለ አይለካም ብለው እንደ ተረት ለብቻቸው አጉረመረሙ። ንግሥት የሕዝቡን ፊት እያየች፣ ሰዎች ከአገራቸው ተነቅለው በመኪና ሊጫኑ ሲችሉ እንኳ ወግ አንሽርም ብለው ሲቀመጡ፣ ልትቆጣቸው ፈለገች፤ ልትቆጣ አልቻለችም፤ ደረቷ ውስጥ የተነሣው ቁጣ አልነበረም። እንዲህ ያለ ሕዝብ ነው መደጋገፍ አያውቅም የተባለው።

«እኔ ለክቻለሁ።»

ድምፁ ከበሩ መጣ። አስካለ ናት። የገበያ ሽርጧን አልፈታችም፤ እጇ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ ተለጥፎባታል። አትመጣም ብላ የደመደመችው ልጇ ነች፤ እሷ እንደማትናገር እንጂ እንደማትመጣ መቼ ተናገረች። ሴቶቹ ዞረው አዩዋት፤ አህያዋን ያዩት ሴቶች ሁሉ በዚያ ነበሩ። አስካለ ወደ ውስጥ አልገባችም፤ የበሩን መቃን ይዛ ተናገረች።

«በዚህ መንደር አደራ የመለስኩ እኔ ብቻ ነኝ። ለመመለስ ብዬ ለካሁት። ነውር መሆኑን አሁን አውቃለሁ፤ የለካሁት ግን አልጠፋኝም። ከእህቴ ከበላይነሽ አሥራ ሁለት ቁና በልቻለሁ። ጻፈው።»

ፀጋዬ አልጻፈም፤ እሱም ወደ በላይነሽ አየ። በላይነሽ ግድግዳውን ያዩ ነበር። ንግሥት እናቷ ሁለተኛ ልትዋረድ ነው ብላ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ያኔ በላይነሽ ሳይዞሩ፣ ለግድግዳው እንደሚናገር ሰው አፋቸውን ከፈቱ።

«አሥራ ሁለት?» አሉ። «ሃያ ነው። ይህቺ ድሮም ሒሳብ አታውቅ፤ ሽንኩርት እንዴት አድርጋ እንደምትሸጥ እንጃላት።»

ሳቁ ቤቱን ሞላው። በላይነሽ የሰጠ አይናገርም የሚለውን ሕግ ከሁሉ በላይ የያዙ ሴት ነበሩ፤ እህታቸውን ብቻዋን በነውር ላይ ከማቆም ግን አብረዋት ነውር ሠሩ። ከዚህ በኋላ የሚያቆመው አልተገኘም። ከኋላ ረድፍ አንዲት ሴት ተነሥታ፣ ከበላይነሽ ስድስት ቁና አለች። ሌላዋ ከጋሽ ገብረሚካኤል አሥር አለች፤ ሽማግሌው «ዋሸሽ፣ ሁለት ነው» ብለው ተቆጡ፤ «አሥር ነው፣ ዓይንዎ ስለማያይ ነው ሁለት የመሰለዎት» ተባሉ። ከበላይነሽ በቀር ሰጪው ሁሉ ያሳንሳል፣ ተቀባዩ ሁሉ ያበዛል። በፍርድ ቤት እንዲህ ያለ ክርክር ተሰምቶ አይታወቅም። ሁለት ሴቶች የአንዷ እናት ለሌላዋ እናት ስንት እንቅብ እንዳመጣች እስከ መጣላት ደረሱ፤ ሁለቱም እናቶች ሞተዋል፤ ሁለቱም ሴቶች እያለቀሱ ነበር የሚሟገቱት። ፀጋዬ ጠረጴዛውን ትቶ ወንበሩን ወደ አግዳሚዎቹ አስጠጋና እጁ እስኪዝል ጻፈ። ንግሥት የሌላውን ረድፍ ያዘች። ሻንታ ሳይተረጎምላት ገብቷታል መሰለኝ፣ ዝም ብላ ባዶ ወረቀት እየቀደደች ታቀብላቸው ነበር። ለማ መቼ እንደወጣ ያየው የለም።

ጸሐፊዎቹ ሲጨርሱ ፀጋዬ የጧቱን ወረቀት ከንግሥት ተቀብሎ፣ ያቺን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ከዳር እስከ ዳር በእስክሪብቶ ሰረዛት። ለሻንታ አሳያት፤ እሷም ከስርዙ ጎን ፈረመችበት። ሰዉ ምን እንደተሰረዘ ተረድቶ ማጨብጨብ የለ፣ እልልታ የለ፤ ወንዶቹ መኮትኮቻቸውን አነሱ፤ ሰዓቱ ለአረም ገና ብርሃን ነበረው። ፀጋዬ ግን አልተነሣም። ድምሩን ደጋግሞ ሠራ፤ ፊቱ ላይ ግራ መጋባት ታየ።

«እትዬ በላይነሽ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለ፣ «በዚያ ዓመት መንደሩ ያመረተውን ነግራችሁኝ ነበር። የሰጣችሁት ድምር ካመረታችሁት ይበልጣል። አንድ መንደር ካለው በላይ እንዴት ይሰጣል?»

በላይነሽ ከበሩ ደርሰው ነበር፤ አስካለ ከመቃኑ ዘወር ብላ መንገድ ለቃላቸዋለች። ዞሩና የሞኝ ጥያቄ እንደጠየቀ ልጅ፣ ግን ያለ ቁጣ አዩት።

«ከእኔ የተቀበለችው ግማሹን ለሌላ አደራ ሰጥታው ነዋ። ያቺም እንዲሁ፣ ከሷ ቀጥላ ያለችውም እንዲሁ። ታዲያ በዚያች እህል እንዴት የተረፍን መስሎህ ነበር?»

ዶክተር ፀጋዬ እስክሪብቶውን ለንግሥት አቀበላትና፣ «እንዳሉት አድርገሽ ጻፊው» አላት።